ጋቢው ከቀበቶው በላይ

ልጄን የወለድኩት ከሠርጌ በኋላ በዘጠነኛው ዓመት ነው። ስለ ዘጠኙ ዓመታት ብዙ አልጽፍም። ለመንኩ፤ ተሰጠኝ። ተመስገን። መጻፍ የፈለግሁት ከተሰጠኝ በኋላ ስላደረብኝ ፍርሃት ነው።

ከመውለዴ በፊት ፈሪ አልነበርኩም። ለሥራ ወደ ማንኪራ ስወጣ የጫካውን መንገድ ብቻዬን ሄጄ ተመልሻለሁ፤ የሞላ ወንዝ በሰው እጅ ተይዤ ተሻግሬአለሁ። አራስ ሆኜ ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ባለቤቴ ባጃጅ ሲጠራ ግን ፈራሁ። የባጃጁ በር ሸራ ነው። የቦንጋን ቁልቁለት ስንወርድ ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፤ አለቀሰች።

"አፈንሻት እኮ" አለኝ ባለቤቴ።

እጄን ማላላት አቃተኝ።

እንዲያ የፈራሁት ከዓመታት በፊት ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚኒባስ ስመጣ ነበር። ከእኔ ትይዩ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ሁለት ክንዷን ዙሪያውን አድርጋ ይዛዋለች፤ ልጅ እንደሷ አጥብቆ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ መታጠፊያ ላይ ከብቶች መንገዱን ዘግተው ነበር፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወርውረን ተመለስን። ሕፃኑ አልተመለሰም። ከእቅፏ ወጥቶ ከፊት ባሉት ወንበሮች መካከል ወደቀ።

ከሁሉም ያልረሳሁት ክንዶቿን ነው። እንደ ታቀፉ ቀርተዋል። በመካከላቸው ምንም የለም። ለአንድ አፍታ እሷም አላወቀችም፤ ባዶውን አቅፋ ተቀምጣለች።

ሕፃኑ አለቀሰ። ማልቀሱ ደግ ነው አሉ ተሳፋሪዎቹ። እናትና ልጁን በመንገዳችን ላይ ካለ ጤና ጣቢያ አወረድናቸውና ቀጠልን። ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሙን ስለማላውቅ "የሚኒባሱ ሕፃን" እያልኩ እጸልይለታለሁ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የሚኖሩት ደካ አጠገብ ነው። በዘጠኙ ዓመታት አንድም ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። በሠፈራቸው ባለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተስለውልኝ ነበር፤ ልጅ ከመጣ ክርስትናውን እዚያ እንድናነሳ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው። ስለዚህ ልጄ በሰማንያኛው ቀን ደካ መገኘት ነበረባት። ስለት ነው፤ አይቀርም። ከቦንጋ ደካ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ይገባዋል። ዳገቱ ሲያልቅ ቁልቁለት ነው፤ ጫካው ሲያልቅ ሌላ ጫካ። ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዝናብ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ልጄን ይዤ ልሰናበታት ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ከተደረደሩት ዕቃዎች መካከል የሕፃን የመኪና ወንበር አየሁ። ዓይኔን አልነቀልኩም መሰለኝ።

"ውሰጂው" አለችኝ። "የእኔው አድጎበታል።"

"ተጋጭቶ ያውቃል?"

"ልጁ ነው ወንበሩ?"

"ወንበሩ።"

"ወንበሩ አያውቅም። ልጁ ግን ከግድግዳ ጋር በየቀኑ ነው።"

ልጄን ተቀብላ ወንበሩ ውስጥ አስቀመጠቻት። እዚያ ውስጥ ስትገባ በጣም ትንሽ መሰለችኝ። "የኋላ ወንበር ላይ ትሰሪዋለሽ፤ ጋቢና አይሆንም። ፊቷ ደግሞ ወደ መኪናው ኋላ ይሁን" አለችኝ። "አንገቷ ገና አልጠናም። መኪናው ድንገት ሲቆም ወንበሩ ጀርባዋንና ጭንቅላቷን አንድ ላይ ይይዝላታል።" ከዚያ ቀበቶዎቹን በትከሻዋ አሳልፋ ቆለፈችና ሳበቻቸው። "አሁን ትከሻዋ ላይ ቆንጥጪው።"

"ምኑን?"

"ቀበቶውን ነዋ። ጨርቅ እንደምትቆነጥጪ። በጣትሽ ከተያዘልሽ ላልቷል ማለት ነው፤ ትስቢዋለሽ።"

ቆነጠጥኩት። ጣቴ አንሸራተተ፤ አልተያዘም።

"በቃ፣ ያ ነው። ልብሷ ደግሞ ስስ ይሁን።"

"ለምን?"

በዚያን ጊዜ ሁለት ጫኞች አልጋ ተሸክመው በሩ ላይ ተጣበቁ። "አዙሩት፣ አዙሩት፤ በጎኑ" እያለች ወደ እነሱ ሮጠች። መልሷን ሳልሰማ ቀረሁ። ተሳስመን ተለያየን፤ ወንበሩን በአንድ እጄ፣ ልጄን በሌላው ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ። ያንን "ለምን" ደግሜ አልጠየቅሁም።

አማቴ ሊያርሱኝ መጥተው ከእኔ ጋር ነበሩ። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ሲከፋቸው ወይም ሲደሰቱ ወደ አገራቸው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ይገባሉ። እኔ ደግሞ ቦንጋ ተወልጄ ባድግም ቤታችን አማርኛ ተናጋሪ ነበር፤ ካፊኖኖ የምሰማው በጥቂቱ ነው። ወንበሩን ዞረው አዩት። ቀበቶውን አንስተው ጣሉት።

"ታስራ ልትሄድ ነው?" አሉኝ። "ምን አጠፋች?"

"ለመንገዱ ነው እማማ። እንዳትወድቅ።"

"እኔ እያለሁ የት ትወድቃለች? ሰባት ልጅ ታቅፌ አሳድጌአለሁ።"

"ያኔ በእግር ነበር የሚኬደው።"

"በእግር ነው" አሉ። ትንሽ አሰቡና "እግር ፍሬን የለውም" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ግን ሌሎችም ነበሩ። ልጠይቅሽ ብሎ የመጣ ሁሉ ወንበሩን ያያል፤ ይጠይቃል። አንዲት ጎረቤቴ፣ ደግ ሴት ናት፣ ቀስ ብላ "በእመቤታችን ስለት ያገኘሽውን ልጅ እመቤታችን አትጠብቅልሽም?" አለችኝ። ክፉ አላሰበችም። ቃሉ ግን ልቤ ውስጥ ገባ። የሰጠኝን አላመንኩትም ማለት ነው እያልኩ ተጨነቅሁ። የንስሐ አባቴ ለጸበል ሲመጡ ነገርኳቸው።

ወንበሩን ተመለከቱ። ከዚያ "ቤተ መቅደስ ውስጥ ጧፍ ሳበራ የት የማቆመው ይመስልሻል?" አሉኝ።

"አላውቅም አባቴ።"

"ከመጋረጃው አርቄ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳገለግል አንድ ቀን እንኳ መጋረጃው ሥር አላቆምኩም። ይህ እምነት ማጣት ነው?"

ጸበሉን ረጭተው፣ ልጄን ባርከው ሄዱ። ወንበሩንም ረጩት።

ባለቤቴ ድግሱን ሊያዘጋጅ ቀድሞ ወደ ደካ ሄደ። እኛን የሚወስደን የአክስቱ ልጅ ሆነ፤ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለው፣ መንገዱንም እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ወንበሩን ልናስር ስንል የኋላ ወንበር ቀበቶ ጠፋ። የወንበር ልብስ ተሰፍቶለት ቀበቶው ከሥሩ ተቀብሯል። ወንድሜ የምለው ይህ ሾፌር በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲጎትት የቡና ፍሬ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ አንድ እግር የልጅ ካልሲ አወጣ። በመጨረሻ የመካከሉ ቀበቶ መጣ፤ የሁለቱ ዳርም ተከተሉ።

"መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ፀሐይ አላየም" አለ አቧራውን እያራገፈ። "እንደ አራስ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል።"

ወንበሩን አስቀምጠን፣ ቀበቶውን አሳልፈን፣ እሱ በጉልበቱ ተጭኖት እኔ ሳብኩ። ነቀነቅሁት። አልተነቃነቀም። ያን ቀን ልጄን በስስ ልብሷ አስገብቼ ሞከርኩ። ቆነጠጥኩ። አልተያዘም። ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ።

በሰባ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከቤት ስንወጣ ግን ጭጋጉ ከበረንዳችን ላይ ነበር። የጎረቤት አጥር አይታይም። ብርዱ አጥንት ይገባል። አማቴ ልጄን ከእጄ ተቀበሉ። ከአልጋው ላይ ጋቢ አነሱ፤ እሳቸው ራሳቸው ለልጅ ልጃቸው ፈትለው ያሠሩት ድርብ ጋቢ ነው። አንድ ጊዜ ጠቀለሏት፣ ሁለተኛ ጠቀለሏት፤ እግሯን አጥፈው ወደ ውስጥ አስገቡ። ፊቷ ብቻ ቀረ።

"ስስ ይሁን ተብያለሁ" አልኩ።

"ማን ብሎሽ?"

"ባልደረባዬ።"

"ባልደረባሽ የደካን ብርድ ታውቀዋለች?"

ለምን ስስ እንዲሆን ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ብርዱን ደግሞ እኔም ፈርቼዋለሁ። አስቤ አስቤ የማላውቀውን ምክንያት ትቼ የማውቀውን ብርድ ፈራሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ በአማቴ አላሳብብም። ከነጋቢዋ ወንበሩ ውስጥ አስገባኋት። ቀበቶው አልደርስ አለ። አላላሁት። በገዛ እጄ ነው ያላላሁት። ከዚያ ቆለፍኩት፤ ሳብኩት፤ ቆነጠጥኩት። አልተያዘም። ስለዚህ ጠብቋል አልኩ። በስመ አብ ብዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። አማቴ በሌላው ጎኗ ሆኑ።

"በሉ እንሂድ፤ ዝናብ ሳይቀድመን" አለ ሾፌሩ።

ልጄ ወደ ኋላ እያየች፣ እኛ ወደ ፊት እያየን ሄድን። አማቴ ይህ አልተዋጠላቸውም። "ቦንጋ ላይ የረሳችው ነገር ያለ ይመስላል" አሉ። ሾፌሩ ሳቀ። እኔ መንገዱን፣ ቀጥሎ ልጄን፣ ቀጥሎ መንገዱን አያለሁ። ስትተኛ አገጯ ወደ ደረቷ ዝቅ ይል እንደሆን እያልኩ ጣቴን ከአፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ትንፋሿ ጣቴን ሲነካው ተመስገን እላለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ጣቴን እመልሳለሁ።

መንደር ባለፍን ቁጥር አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ በፊቷ ላይ ጣል ያደርጋሉ። የሰው ዓይን እንዳያያት ነው። መንደሩ ሲያልፍ ይረሱታል። እኔ አነሳዋለሁ፤ እንዴት እንደምትተነፍስ ካላየሁ አልችልም። ሌላ መንደር ሲመጣ ይጥሉታል። አነሳዋለሁ። ሾፌሩ በስፖኪዮው ያየን ነበር።

"እናንተ መጋረጃ የምትከፍቱና የምትዘጉ ነው የምትመስሉት" አለ።

አንድ ቦታ ላይ ነቅታ ለጡት አለቀሰች። አቁምልኝ አልኩት።

"እየሄድን አጥቢያት እንጂ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

"አቁምልኝ ወንድሜ።"

አቆመ። አውጥቼ አጠባኋት፤ አስገስቼ፣ በጋቢዋ ጠቅልዬ መልሼ አሰርኳት። ቆነጠጥኩ። "በዚህ አያያዝ ክርስትናዋን ትተን ለሠርጓ እንደርሳለን" አለ። ሰዓቱን አየ፤ ሰማዩን አየ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ፈጠን አለ።

ቁልቁለት ላይ ነበርን። ጭጋጉ ከጫካው እየወጣ መንገዱን ያቋርጣል። እኔ በልቤ እየጸለይኩ ነበር፤ የትኛው ቃል ላይ እንደ ነበርኩ እንኳ አስታውሳለሁ። ከጭጋጉ ውስጥ የጫነ ፈረስ ወጣ። መጀመሪያ ጭነቱ ታየ፣ ሁለት ትልልቅ ጆንያ፤ ከዚያ አንገቱ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው ግን ጭቃው ላይ አልቆመም፤ ዞረ፤ ተንሸራተተ፤ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ዘጭ ብሎ ቆመ። ቀበቶዬ ደረቴን ያዘው። አማቴ ቀበቶ አላሰሩም ነበር፤ ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ተደፉ።

ከልጄ በኩል ድምፅ አልነበረም።

ዞርኩ። ወንበሩ እንዳሰርነው ነው። ቀበቶዎቹ እንደ ተቆለፉ ናቸው። ጋቢው በቀበቶዎቹ መካከል እንደ ታሰረ ቀርቷል። ልጄ ግን ከጋቢው ውስጥ ወደ ላይ ወጥታለች። ትከሻዋ ከቀበቶው አልፏል፤ ጭንቅላቷ ከወንበሩ ጠርዝ በላይ ነው። ከራስ ቅሏ እስከ ፊት ወንበሩ ጠንካራ ጀርባ ድረስ የነበረው ስንዝር አይሞላም።

ባዶውን ጋቢ አየሁት። የሚኒባሷን ሴት ክንዶች አየሁ። የእኔ ክንዶች ነበሩ።

እንዴት እንደ ፈታኋት አላውቅም። ዓይኗ ተከፍቷል። አፏም ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ለቅሶ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም። "ተመስገን፣ ተመስገን" እላለሁ፤ እጄ ግን ጭንቅላቷን፣ አንገቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን እየዳሰሰ ነው። አማቴ በካፊኖኖ ፈጣሪን ይጠራሉ። ግንባራቸው ላይ እብጠት ወጥቷል፤ አላወቁትም። ሾፌሩ መሪውን እንደ ያዘ ቀረ። የፈረሱ ባለቤት ከጭጋጉ ሮጦ መጣና ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ፈረሱ ምንም አልሆነም። ዳር ቆሞ ሣር ይግጣል።

ልጄ ጡት ከያዘች በኋላ ሾፌሩና ባለ ፈረሱ ድንጋይ እየደለደሉ፣ እየገፉ መኪናውን አወጡ። እኔ ተቀምጬ ጋቢውን በአንድ እጄ ጨበጥኩት። ድርብ ነው፤ ስጨብጠው ግን እፍኝ እንኳ አልሞላም። ውስጡ ያለው ሁሉ አየር ነበር። ቀበቶው የያዘው ልጄን አልነበረም፤ አየር ነበር። ያን ጊዜ የጫኞቹ አልጋ ያቋረጠው መልስ ገባኝ።

"ስጪኝ" አሉ አማቴ። እጃቸውን ዘርግተዋል። "አሁን ከእኔ ጋር ትሁን። ያ ነገር አልረባም።"

"ወንበሩ አይደለም ያልረባው እማማ።"

"አየሁት እኮ። ወጣች። በዓይኔ አየሁ።"

"ጋቢው ነው። ከጋቢው ነው የወጣችው። በስስ ልብሷ ላስራት ነው።"

"በዚህ ብርድ?" አሉ። "ገና ሰማንያ ቀን ሳይሞላት? ሳንባዋን ሊመታት ነው። ስጪኝ ልጄ።"

ሾፌሩ በሩን ይዞ ቆሟል። "እህቴ፣ ለእማማ ስጫት" አለ ቀስ ብሎ። "ከእንግዲህ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

ልሰጣቸው ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። የሁለቱም ፊት ደግ ነው፤ የአማቴ እቅፍ ሞቃት ነው፤ ልጄ በስስ ልብስ ልትታሰር ያለችበት ወንበር ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ቢመታት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከእቅፍ ብትወጣም የምጠየቀው እኔ ነኝ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከሁለት ፍርሃት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ የሚረዳኝ ሰው አልነበረም።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን የሚኒባሱን ነገር ነገርኳቸው። አጭር ነው የነገርኳቸው። ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ክንዶቼን ከላይዋ አጥፌ እንዲህ ቀረች አልኳቸው። "እኔም እማማም ከዚያች ሴት የበለጠ አጥብቀን አንይዝም" አልኩ።

አማቴ ክንዶቼን አዩ። ወደ ፊት ወንበሩ አዩ፤ የተደፉበትን። እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱና እብጠቱን ያን ጊዜ አገኙት።

"እሰሪያት" አሉ።

ጋቢውን አወጣሁ። ወንበሩን አገላብጬ አየሁት፤ አልተሰነጠቀም፣ ከቦታውም ንቅንቅ አላለም። ልጄን በስስ ልብሷ አስገባኋት። ቀበቶውን ስስብ ከጠዋቱ ከመዳፌ ርዝመት ያላነሰ ትርፍ ወጣ። ያ ሁሉ ጠዋት ላልቶ ነበር። ቆነጠጥኩ፤ አልተያዘም። ከዚያ ጋቢውን ከቀበቶው በላይ አለበስኳት፤ ከደረቷ ጀምሮ እስከ እግሯ፣ ፊቷን ትቼ። አማቴን ደግሞ የራሳቸውን ቀበቶ አሰርኳቸው።

"ምን አጠፋሁ?" አሉኝ። ሁለታችንም መሳቅ አልቻልንም።

የቀረው መንገድ ረጅም ነበር። ሾፌሩ ሰው በእግሩ ሊቀድመው እስኪችል ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ። ዝናቡ መጣ። "ይቅደመን" አለ። ልጄ ጉንጯ ቀዝቅዟል፤ በዳሰስኳት ቁጥር ልቤ ይሰጋል። አማቴ ከጋቢው ሥር እጃቸውን አስገብተው እግሯን ያዙ። ቀኝ እጃቸው ሲቀዘቅዝ ያወጡትና ብብታቸው ውስጥ ያሞቁታል፤ ግራውን ያስገባሉ። ግራው ሲቀዘቅዝ ቀኙን። ደካ እስክንደርስ እንደዚያ አደረጉ። አንድም ጊዜ አላቋረጡም። ነጠላቸውንም ፊቷ ላይ አልጣሉም። መንደር ሲመጣ እጃቸው ወደ ነጠላው ይሄድና ይመለሳል።

ደካ ስንደርስ ወደ ቤት አልሄድንም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ገባን። የጤና ባለሙያዋ ልጄን አውልቃ ሁሉን መረመረች፤ ዓይኗን በብርሃን አየች፤ ክንዷንና እግሯን አንቀሳቀሰች። "ምንም የላትም" አለችኝ። "ዛሬና ነገ ካስታወከች፣ ወይም እንቅልፏ ከበዛ፣ ወይም ለቅሶዋ ካልቆመ ግን ወዲያው አምጧት።" የአማቴን ግንባርም አየችላቸው። ባለቤቴ ተጠርቶ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ እኛን ቆጠረን፤ ሦስት መሆናችንን አየና ተቀመጠ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በፊት ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት የጮኸችው ያንኑ ጩኸት ነበር፤ እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አለቀስኩ። ስለቱ ደረሰ። ቆረበች።

በድግሱ ላይ አማቴ በሴቶች ተከበው ሲያወሩ ከሩቅ አየሁ። በካፊኖኖ ነው የሚያወሩት፤ የዝናቡና የሰዉ ድምፅ በዝቶ ቃሉ አልተሰማኝም። ግን ድንገት ሁለት ክንዳቸውን አጥፈው ወደ ፊት ዘረጉ። በመካከላቸው ምንም የለም። እንደዚያ አድርገው ቆዩ። አንዷ፣ ልጇን በጀርባዋ ያዘለች፣ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ልጇን ነካችው።

ለመመለስ ስንዘጋጅ ጭጋግ ነበር፤ ብርዱም እንደ መጣንበት ቀን። ልጄን አስገብቼ ቀበቶዋን ሳብኩ። አማቴ ከእኛ ጋር አይመለሱም፤ ልሸኛችሁ ብለው ወጥተዋል። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አስገብተው ትከሻዋ ላይ ቀበቶውን ቆነጠጡት። ጣታቸው አንሸራተተ። እንደገና ሞከሩ። "አልተያዘልኝም" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ጋቢውን ከላይ አለበሷት።

ያ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ልጄ አድጋለች፤ ወንበሩ ገና አልጠበባትምና አሁንም ወደ ኋላ እያየች ነው የምትሄደው። መንገድ ባለብኝ ቀን ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ አይበላልኝም። ይህ እንዲለቀኝ ጸልዬ አውቃለሁ፤ አለቀቀኝም። ልጄን ግን እግዚአብሔር ትቶልኛል። ተመስገን።

አማቴ ልንሄድ መሆኑን ከባለቤቴ ይሰማሉ። ሁልጊዜ መኪናው ሊነሳ ሲል ስልኬ ይጠራል። ሰላምታ የለም።

"ቆነጠጥሽ?"

"ቆንጥጫለሁ እማማ።"

"ደግመሽ ቆንጥጪ።"

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ወደ ልጄ እዞራለሁ።